አየር ሲመሰክር አጋፋሪው ማን ነው?

በግቢያችን ውስጥ ክርክር በተነሣ ቍጥር ለኬሚስትሪ ተማሪዎች የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «እናንተ በብልቃጥ ውስጥ የምታዩት ነገር ለላስታ ገበሬ ምን ይፈይድለታል?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በሕዝብ ገንዘብ የሚማር ሰው ትምህርቱ ለሕዝብ ምን እንደሚያደርግ ሲጠየቅ ሊቈጣ አይገባውም፤ መልስ ሊያቀርብ ይገባዋል እንጂ። እኔም በበኩሌ መልሱን ለመስጠት የምሞክረው ከሁሉ ያነሰች በምትመስል ነገር ላይ ቆሜ ነው። አየርን አሽትቶ «መርዝ አለ» ወይም «መርዝ የለም» የሚል መሣሪያ ዛሬ በዓለም ላይ አለ። በዚህ መሣሪያ ሆድ ውስጥ ባለሙያዎች ሆን ብለው የሚጨምሩት እጅግ ጥቂት ጋዝ አለ፤ ስሙንም «ዶፓንት» ይሉታል። መሣሪያው የማንን ቃል እንደሚሰማና የማንን ቃል እንደሚያፍን በብዙው የምትወስነው ይህች ጥቂት ጋዝ ናት። ስለዚህ እሷን ማወቅ ለኛ የቅንጦት ትምህርት ሳይሆን የአገር ጉዳይ ነው የሚል እምነት አለኝ።

ላስታና አካባቢው ስለ አየር ምስክርነት ከማንም በፊት ሊያስብ የሚገባው አገር መሆኑን ታሪክ ይነግረናል። የተከዜ ወንዝ ምንጩ ከላስታ ተራሮች ነው። በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. በዚሁ ወንዝ መሻገሪያ አካባቢ በነበረው በራስ እምሩ ጦር ላይ የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ፣ በሌላ ስሙ ይፕሪት የተባለውን መርዝ አወረዱበት። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው «ሲ 500 ቲ» የተባለው ቦምብ አንዱ ብቻ 212 ኪሎ ግራም ያህል ይፕሪት ይይዝ ነበር። ከዚያም በኋላ በኮረምና በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ያ መርዝ እንደ ዝናም ወረደ። በኮረም የነበሩት የእንግሊዝ አምቡላንስ ሐኪሞች፣ ከነዚህም አንዱ ዶክተር ሜሊ፣ በመርዙ ገላቸው የተቃጠለውን ሰዎች በዓይናቸው አይተዋል፤ በእጃቸውም አክመዋል።

የማይጨው ጦርነት የሆነው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዚያ ሽንፈት በኋላ በሚያዝያ ወር ወደ ላሊበላ ተጉዘው በቤተ ክርስቲያኖቹ ጸሎት አድርገዋል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው፣ በሕዝባቸው ላይ ከአየር የተረጨውን መርዝ ለዓለም ነገሩ። ኢጣልያ በመርዝ ጋዝ ላለመዋጋት እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቭ የፈረመች አገር ነበረች። ይሁን እንጂ ማዕቀቡ ተነሣ፤ ነገሩም ተድበሰበሰ። የኢጣልያ መንግሥት በመከላከያ ሚኒስትሩ በጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ አፍ በዚያ ጦርነት መርዝ ጋዝ መጣሉን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ከ1928 እስከ 1988 ስድሳ ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ የተወለደ ሕፃን አርጅቶ የልጅ ልጅ እስኪያይ ድረስ የወገኖቻችን ቃል «አልተረጋገጠም» ሲባል ኖረ ማለት ነው።

መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ጄኔቭ ይፈርድልን ነበር አልልም። ኃያላኑ መንግሥታት የሆነውን እያወቁ ለጥቅማቸው ሲሉ ዝም እንዳሉ የታሪክ ተማሪዎች ከኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ነገር ግን ክህደቱ ያን ያህል አይቀልም ነበር። የቈሰለ ገላ ይድናል ወይም ይቀበራል፤ የዓይን ምስክርም ያልፋል፤ አየር ደግሞ ወዲያው ይበተናል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሜዳ ላይ የተለካና የተጻፈ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይበተንም። ታዲያ ጥያቄው «ነገ አየራችን እንዲመሰክር ብንፈልግ የምስክሩን ቋንቋ የሚያውቅ ከኛ መካከል ማን አለ?» የሚል ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ስሙ አዮን ሞቢሊቲ ስፔክትሮሜትር ይባላል። በአማርኛ «የአዮኖች ሩጫ መለኪያ» ብንለው ከሥራው አንርቅም። ኮኸንና ካራሴክ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 «ፕላዝማ ክሮማቶግራፊ» በሚል ስም ካሳወቁት ወዲህ፣ በወታደሮች እጅ የመርዝ ጋዝ መፈለጊያ፣ በአውሮፕላን ጣቢያዎች ደግሞ የፈንጂና የአደንዛዥ ዕፅ መፈለጊያ ሆኖ በዓለም ተሠራጭቷል። በውጭ አገር አውሮፕላን ጣቢያ የመንገደኛውን እጅ ወይም ሻንጣ በቍራጭ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን በሣጥን ውስጥ ሲያስገቡ ያየ ሰው ይህን መሣሪያ ሳያይ አልቀረም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አየሩ ወደ መሣሪያው ሲገባ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ውስጥ ኒኬል 63 የተባለ፣ እኩሌታው ለመጥፋት መቶ ዓመት ያህል የሚፈጅበት ራዲዮአክቲቭ ብረት ይቀበለዋል። ከዚህ ብረት የሚወጡት ኤሌክትሮኖች የናይትሮጅንን ሞለኪውሎች ይመታሉ። ናይትሮጅን ኤሌክትሮኑን ሲያጣ አዮን ይሆናል፤ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። ናይትሮጅን ግን ሙሉን ይዞ አይቈይም፤ በአየር ውስጥ ላለው የውሃ እንፋሎት ያስረክበዋል። በመጨረሻም ፕሮቶን የያዘ፣ ጥቂት የውሃ ሞለኪውሎች ያጀቡት አዮን ይወጣል። ይህ የአዎንታዊው ወገን ነው። በአሉታዊው ወገን ደግሞ የተፈናቀሉትን ኤሌክትሮኖች ኦክሲጅን ይይዛቸዋል። መርዙ ወይም ፈንጂው በአየሩ ውስጥ ካለ ሙሉን ከነዚህ አዮኖች ይቀማል፤ ወይም እነሱን ተለጥፎ ራሱ አዮን ይሆናል። ከዚያ በኋላ በሩ ለቅጽበት ይከፈትና አዮኖቹ በኤሌክትሪክ ኃይል እየተገፉ ጥቂት ሳንቲ ሜትር በምትሆን ቱቦ ውስጥ ይሮጣሉ። ትንሹ ቀድሞ፣ ትልቁ ዘግይቶ ይደርሳል። ሩጫው በሙሉ የሰኮንድ መቶኛ ያህል ብቻ የሚፈጅ ሲሆን፣ መሣሪያው የደረሱበትን ጊዜ አይቶ «ይህ እገሌ ነው» ይላል።

እንግዲህ ልብ እንበል። መሣሪያው የሚያየው በአየር ውስጥ ያለውን ሁሉ አይደለም። የሚያየው ሙል ለማግኘት በተደረገው ሽሚያ ያሸነፈውን ብቻ ነው። ሙል ያልደረሰው ሞለኪውል በመሣሪያው ፊት እንዳልነበረ ይቈጠራል። ሽሚያውም ሕግ አለው። በአዎንታዊው ወገን ሕጉ ፕሮቶንን አጥብቆ የመያዝ ኃይል ሲሆን፣ የሚለካው በኪሎ ጁል በሞል ነው። ውሃ 691 አለው፤ አልኮል (ኤታኖል) 776፤ አሴቶን 812፤ አሞኒያ 854። የነርቭ መርዝ ዘመድ የሆነውና ተመራማሪዎች በመርዙ ፈንታ ለልምምድ የሚጠቀሙበት ዲሜቲል ሜቲል ፎስፎኔት ደግሞ 902 ገደማ ነው። ጕልበቱ የበለጠው ጕልበቱ ካነሰው ላይ ፕሮቶኑን ይነጥቃል።

ዶፓንት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አየሩን በውሃ አዮን ብቻ ብንቀበለው ከውሃ የሚበልጥ ሁሉ፣ የነዳጅ ጢስ ቢሉ፣ የአረቄ ሽታ ቢሉ፣ የቀለም ማቅጠኛ ቢሉ፣ ሁሉም ሙል ያገኛል። መርዙም በዚያ ግርግር መካከል ይጠፋል። ነገር ግን ጥቂት አሴቶን ወይም አሞኒያ፣ ከሚሊዮን እጅ ጥቂት እጅ የሚሆን፣ ሆን ተብሎ ቢጨመር የውሃው አዮን ፕሮቶኑን ለዚያ ጋዝ ያስረክባል። ከዚህ በኋላ ፕሮቶን የሚፈልግ ሁሉ መነጠቅ ያለበት ከአሞኒያ ላይ ነው። አልኮሉ አይችልም፤ በውጭ ይቀራል። የነርቭ መርዙ ግን ይችላል፤ ይገባል።

በድሮው ግብር ቤት ደጃፍ ላይ አጋፋሪ ይቆም ነበር። ሰው ሁሉ ቢመጣም የሚገባው አጋፋሪው ያሳለፈው ነው። ከአዳራሹ ውስጥ ሆኖ እንግዶቹን የሚቈጥር ሰው ስለ ደጁ ሰልፍ ምንም አያውቅም። ዶፓንት ማለት እንዲህ ያለ አጋፋሪ ነው። እንግሊዞች የሠሩትና ወታደሮች በእጃቸው ይዘው የሚዞሩት የመርዝ መፈለጊያ አጋፋሪው አሴቶን ነው። ለአደንዛዥ ዕፅ በሚውሉት ብዙ መሣሪያዎች ውስጥ 918 ያህል ኃይል ያለው ኒኮቲናማይድ ይሠራል። ለፈንጂ በሚውሉት ውስጥ ደግሞ በአሉታዊው ወገን ክሎሪን ያለባቸው እንደ ሄክሳክሎሮኤቴንና ዳይክሎሮሜቴን ያሉ ነገሮች ይጨመራሉ። በዚህ ጊዜ በኦክሲጅኑ አዮን ቦታ የክሎራይድ አዮን ይተካል። ክሎሪን ኤሌክትሮኑን ከኦክሲጅን እጅግ አጥብቆ ስለሚይዝ ብዙው ተራ ነገር ሊነጥቀው አይችልም። እንደ አርዲኤክስና እንደ ናይትሮግሊሰሪን ያሉት ፈንጂዎች ግን ክሎራይዱን ከራሳቸው ጋር አጣብቀው አዲስ፣ የጸና አዮን ሆነው ይሮጣሉ። የፈንጂ መፈለጊያዎች ብዙ የሐሰት ጩኸት እንዳያሰሙ የተደረገው በዚህ መንገድ ነው።

የዶፓንት ሥራ መከልከል ብቻም አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የሚመሳሰሉትን ይለያል። በጠፈር ምርምር ሥራ ውስጥ ሃይድራዚን የተባለው የሮኬት ነዳጅ መርዝ ስለሆነ በአየር ውስጥ መኖሩን ማወቅ ግድ ነው። አሞኒያ ግን በሩጫው ላይ ከሃይድራዚን ጋር ይደባለቃል። ተመራማሪዎች ኖናኖን የተባለውን ኬቶን ቢጨምሩ እያንዳንዳቸው ከኬቶኑ ጋር እየተጣመሩ በተለያየ ጊዜ የሚደርሱ አዮኖች ሆኑ። እንግዲህ ትክክለኛው ጋዝ በትክክለኛው ልክ ሲጨመር መንታ የመሰሉትን ይለያል።

እስካሁን የተናገርኩት ምስጋና ነው። ክርክሬ ያለው ግን በሌላው ፊት ላይ ነው። አጋፋሪ የሚጠላውን ብቻ ሳይሆን የማያውቀውንም ይመልሳል። አሞኒያን የተቀበለ መሣሪያ ከ854 በታች ያሉትን አብዛኞቹን አያይም፤ ከነሱም መካከል አንዱ እኛ የምንፈልገው ሊሆን ይችላል። ወገኖቻችንን የፈጀውን ይፕሪት እንኳ ብንወስድ በነዚያ የወታደር መሣሪያዎች የሚፈለገው በአሉታዊው ወገን ነው። የነርቭ መርዝ በሚፈለግበት በአዎንታዊው ወገን ብቻ ያዳመጠ ሰው ይፕሪቱ በሜዳው ላይ ተኝቶ ሳለ «ንጹሕ ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ይፕሪት ደግሞ ቶሎ የሚተን ነገር አይደለም። በ14 ዲግሪ ሙቀት ገደማ የሚረጋ ቅባት ነው። በደጋ ሌሊት ይረጋል፤ ፀሐይ ሲወጣ መትነን ይጀምራል። ስለዚህ በማለዳ የለካና በቀትር የለካ ሰው አንድ ዓይነት ነገር አያነቡም። በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ወገን፣ በየትኛው ዶፓንት እንደተለካ ሳይገለጽ «የለም» የሚል ወረቀት የሚያመጣልን ሰው ቢኖር ያመጣልን ዝምታን እንጂ ምስክርነትን አይደለም። የመሣሪያ ዝምታ ንጽሕና አይደለም።

ይህ በመጻሕፍት ውስጥ የታወቀ ነው። በመጻሕፍቱ ውስጥ የማይገኘው የኛው የላስታ አየር ነው። ሦስት ነገር ብቻ ላንሣ።

አንደኛው ከፍታው ነው። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በአጠገቧ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በባሕር ዳርቻ 760 ሚሊ ሜትር የሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት በላሊበላ ወደ 560 ይወርዳል። እናቶቻችን ባቄላ በደጋ ቶሎ እንደማይበስል የሚያውቁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላልና። አዮንም በሳሳ አየር ውስጥ ፈጥኖ ይሮጣል። የኤሌክትሪኩ ኃይልና ሙቀቱ ሳይለወጥ ቢቈይ በባሕር ዳርቻ በ10 ሚሊ ሰኮንድ የሚደርሰው አዮን በላሊበላ በ7 ሚሊ ሰኮንድ ተኩል ገደማ ይደርሳል። መሣሪያው ግፊቱን እየለካ ካላረመ ትልቁን ትንሽ ነው ይላል፤ አንዱን ስም በሌላው ይጠራል። ማረሚያው ቀላል ሒሳብ ነው፤ ሆኖም ሒሳቡ መሠራቱን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የኩበት ጢስ ነው። ዛፍ በሳሳበት በላስታ ደጋ በብዙ ቤት የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት ሲነድ ከጢሱ ጋር አሞኒያ ይወጣል። እንግዲህ ነገሩን ተመልከቱት! በአውሮፓ ላቦራቶሪ ውስጥ ባለሙያው በብልሃት መጥኖ የሚጨምረው ዶፓንት በላስታ ጎጆ ውስጥ ማንም ሳይጠራው፣ ልኩም ሳይታወቅ ከምድጃው ይነሣል። ለአሴቶን ተብሎ የተዘጋጀው መሣሪያ እዚያ ቢገባ አሞኒያ ከአሴቶን የበለጠ ኃይል ስላለው ፕሮቶኑን ነጥቆ ራሱ አጋፋሪ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ግን የድሮው አጋፋሪ ደጁ ላይ የቆመ መስሎት ይፈርዳል።

ሦስተኛው ዕጣን ነው። በገና በዓል በዐሥራ አንዱ የላሊበላ ቤተ ክርስቲያኖች የሚሰበሰበውን ሕዝብ የማያውቅ የለም። ከሰሜን ኢትዮጵያ ቆላ የሚመጣው ዕጣን ዘይቱን ላቦራቶሪ ቢያዩት ኦክቲል አሲቴት የተባለው ኤስተር በብዛት ይገኝበታል። ኤስተሮች ከውሃ ላይ ፕሮቶን ለመንጠቅ አያንሱም፤ የዚሁ ዘመድ የሆነው ኤቲል አሲቴት 836 ያህል አለው። ይህም ከውሃ እጅግ ይበልጣል፤ ከአሞኒያ ያንሳል። እንግዲህ በውሃ አዮን ብቻ የሚሠራ መሣሪያ በዕጣን የታጠነውን ነጠላ ሲያሸት ብዙ ነገር ያያል፤ አሞኒያ የተጨመረበት ግን አብዛኛውን ይተወዋል። አንዱ ሰው፣ አንዱ ነጠላ፣ ሁለት ፍርድ! ልዩነቱን ያመጣው የሰውየው ሥራ ሳይሆን የደጁ ጋዝ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞችና እኅቶች «ይህ ሁሉ ለላሊበላ መንገደኛ ምን አገባው?» ይሉ ይሆናል። በጣም ያገባዋል። የላስታ ልጅ ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ውጭ ሲሄድ በእጁና በልብሱ ላይ የአገሩን ኑሮ ይዞ ይሄዳል። ማዳበሪያ የነካ እጅ አለ፤ ለልብ ሕመም ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሽማግሌ አለ፤ ቅባት የተቀባ፣ ጢስ የጠጣ ልብስ አለ። ናይትሬት ያለበት ማዳበሪያና የልብ መድኃኒቱ የፈንጂ መፈለጊያዎችን በማስጮኽ የታወቁ ናቸው። መሣሪያው በጮኸ ጊዜ ቋንቋ የማያውቀው አባት በጥበቃዎች ፊት ይቆማል። በዚያ ሰዓት «መሣሪያው የሚናገረው አዮን መድረሱን ነው፤ ስለ ሰውየው ሐሳብ አልተናገረም» ብሎ በዕውቀት የሚሟገትለት ከየት ይመጣል? የአደጋ ጥበቃ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ሕዝብ የሚሳፈርበት አውሮፕላን መጠበቅ አለበት። የምለው መሣሪያ ጠቋሚ እንጂ ዳኛ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው በሁለቱም ወገን ይኑር ነው።

የሚቀርበውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። አንደኛው «ውሃና ዳቦ ባልተሟላበት አገር ስለ አዮን መነጋገር ቅብጠት ነው» የሚል ነው። ለዚህ መልሴ አጭር ነው። በ1928 ዓ.ም. በኮረም ሜዳ የወደቁት ሰዎችም ዳቦ ያልተሟላላቸው ነበሩ፤ መርዙ ግን ዳቧቸው እስኪሟላ አልጠበቃቸውም። ከዚህም በላይ ይኸው ዕውቀት ለእህል ሻጋታ ሽታ፣ ለፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት፣ ለተበላሸ ምግብ ምርመራ ያገለግላል። ጎተራን የሚጠብቅና ድንበርን የሚጠብቅ ኬሚስትሪ አንድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «መሣሪያው ራሱ ሁሉን ያርማል፤ ገዝቶ መጠቀም ነው» የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ በጣም የሚያሳስበኝ ነው። መሣሪያው የሚያርመው ሠሪዎቹ ያሰቡትን ነው፤ የኩበት ጢስንና የላሊበላን ዕጣን ካላሰቡት ሊያርመው አይችልም። የሠሪዎቹ ጥፋት ነው አልልም፤ እነሱ የሚያውቁትን የራሳቸውን አየር ነው። የኛን አየር ማወቅ የኛ ግዴታ ነው። ዶፓንቱም እያለቀ የሚተካ ነገር ነው። አልቆ ሳለ በመሣሪያው የሚሠራ ሰው ደጁ ባዶ መሆኑን ሳያውቅ እንግዳ ይቈጥራል። ሲበዛም ጉዳት አለው፤ ከሚፈለገው ነገር ጋር እየተለጠፈ የሩጫውን ጊዜ ያዛባል፤ ንቃቱንም ይቀንሳል።

ሦስተኛው «ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የለንም» ነው። በዚህ በኩል ነገሩ ከሚታሰበው ይቀላል። እንደ ማስ ስፔክትሮሜትር አየሩን አሟጥጦ የሚያወጣ ውድ ፓምፕ አይፈልግም፤ በተራው የአየር ግፊት ይሠራል። ራዲዮአክቲቩን ብረት ማግኘት ቢያስቸግር በኤሌክትሪክ ብልጭታ አዮን መሥራት ይቻላል። ቱቦው የብረት ቀለበቶች ድርድር ነው፤ በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የሠሩትና አሠራሩን ለሁሉ በነፃ የሰጡ ተመራማሪዎች አሉ። የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪዎች ተባብረው ቢነሡ ከሌላው የምርምር መሣሪያ ሁሉ በፊት ሊሠሩት የሚችሉት ይህን ይመስለኛል።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ በኬሚስትሪ ክፍል የአዮን አፈጣጠር በጋዝ ውስጥ ምን እንደሚመስል ከቃል ጥናት ወጥቶ በእጅ ሥራ ይሰጥ። ተማሪው የውሃን፣ የአሴቶንንና የአሞኒያን ተራ በወረቀት ላይ ከሸመደደ በኋላ ወዲያው ይረሳዋል። አሞኒያ ሲጨመር አንዱ ምልክት ሲጠፋ ሌላው ሲጐላ በዓይኑ ካየ ግን አይረሳውም።

ሁለተኛ፣ የአገራችን አየር መዝገብ ይጀመር። በላስታ ደጋ፣ በበጋና በክረምት፣ ኩበት በሚነድበት ቤትና በሜዳ፣ በበዓል ቀንና በተራ ቀን አየሩ ምን አዮን እንደሚሰጥ፣ ግፊቱ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ስንት እንደሆነ ተለክቶ ይጻፍ። ይህን ሥራ በዓመት ጥቂት ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ቢይዙት በጥቂት ዓመት ውስጥ ማንም የሌለው መዝገብ ይኖረናል። መደበኛው አየር ካልታወቀ መርዙ የመጣ ቀን ምኑን ከምኑ እናነጻጽራለን?

ሦስተኛ፣ በሕዝብ ገንዘብ እንዲህ ያለ መሣሪያ በሚገዛበት ጊዜ ሻጩ ዶፓንቱ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ወገን እንደሚሠራ፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ እንደተፈተነ እንዲገልጽ የሚጠይቅ ባለሙያ በግዢው ላይ ይቀመጥ። ኢትዮጵያ የኬሚካል ጦር መሣሪያን የሚከለክለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በሥራ ላይ የዋለውን ስምምነት ፈርማ ያጸደቀች አገር ናት። የስምምነቱ 10ኛ አንቀጽ ከመርዝ ስለ መከላከልና ስለ እርዳታ ይናገራል። መብቱ በወረቀት ላይ አለን፤ በመብቱ የሚጠቀም የተማረ ሰው ግን ከዚሁ ግቢ ነው መውጣት ያለበት።

«የላስታ ገበሬ ምን ይፈይድለታል?» ለተባለው መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። የገበሬው አያት መርዝ ሲወርድበት የተናገረው እውነት ነበር፤ እውነቱን በባዕድ ሚኒስትር አፍ እስኪሰማ ድረስ ግን ስድሳ ዓመት አለፈ። የልጅ ልጁ ተማሪ ሆኖ ዛሬ በኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የአየሩን ምስክርነት ራሱ መጻፍ፣ ሌላው ሲጽፈውም «አጋፋሪው ማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይችል ዘንድ ይማር። ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው ባለበት አገር ሐሰት ስድሳ ዓመት አትኖርም።

ከአንድ የኬሚስትሪ ተማሪ